«ካርዱ ሞቷል» ስለሚሉት ሰበብ

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በበደሌም ጭምር፣ የባህልና የኪነ ጥበብ ሥራ በሚሠራባቸው ክፍሎች አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ያለፈው ዓመት የኢሬቻ በዓል ፎቶግራፍ የት አለ ሲባል፣ የትምህርት ቤቶች የቴአትር ውድድር ቪዲዮ የት ገባ ሲባል፣ መልሱ አንድ ነው፤ «ካርዱ ሞቷል»። ጠያቂው ይህን እንደ ሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» ማለት ብቻ ይቀረዋል። ነገሩ ሞት ከተባለ ማን ይጠየቃል? ሞት ለሂስ አይቀርብም፤ ደመወዙም አይቆረጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሰበብ ሐሰት መሆኑን ማሳየት ነው። «ሞተ» የተባለው ካርድ ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ የሞተውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በገዛ እጃችን የገደልነው ነው።

ከወዲሁ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ይህ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ጉዳይ ነው፤ በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እነዚህ ወንድሞች ጊዜው የት እንደ ደረሰ ያላስተዋሉ ናቸው። ጌራርሳ የሚያሰማ ሽማግሌ፣ የሠርግ ዘፈን የምታወጣ እናት፣ በገጠር ትምህርት ቤት አዳራሽ ለአንድ ቀን ብቻ የሚታይ ቴአትር፣ በቡና ደን ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ የሚወጣ ንብ አናቢ፣ ዛሬ እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት በብራና ላይ አይደለም፤ በወረቀት ላይም አይደለም፤ ከፖስታ ቴምብር እምብዛም በማትበልጥ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ነው። በአማርኛ «ማኅደረ ትውስታ» ብለን ሰይመናታል፤ ሰፊው ሕዝብ ግን «ሚሞሪ» ይላታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል በየስብሰባው መክፈቻ እንጠቅሳለን። በካርድ ያለውስ? ይህን የጠየቀ ተናጋሪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሂስ ከራስ ይጀምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡና ደን ላይ ለተመሠረተ አንድ ቴአትር ዜማና ትረካ ለመሰብሰብ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወደ ሁሩሙ አካባቢ ወርጄ ነበር። ካሜራው የውሰት ነው፤ ካርዱን የገዛሁት ግን እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ 64 ጊጋባይት ይላል፤ ዋጋው ከሌላው እጅግ ያነሰ ነበር። እንኳን ልመረምረው፣ በርካሽ በመግዛቴ ብልኅ ነኝ ብዬ በውስጤ ተኩራርቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ አባት ጌራርሳ አሰሙን። በመጀመሪያ የትውልድ ሐረጋቸውን ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየቆጠሩ ሄዱ፤ ከዚያም አደኑን፣ ጦርነቱን፣ የደኑን አገር እየገቡበት ዘፈኑ። ሲጨርሱ ወደ ካሜራው አገጫቸውን ቀና አድርገው «ቀብዴ?» አሉኝ። «ያዝከው?» ማለታቸው ነው። «ይዤዋለሁ አባቴ» አልኳቸው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሴቶቹን የሠርግ ዘፈን ቀዳን። በመጨረሻው ማታ ባትሪው ሲዳከም፣ ካሜራው ገና እየጻፈ መሆኑን የምታመለክተው ቀይ መብራት እየበራች ሳለ፣ ከችኮላ የተነሣ ባትሪውን ነቀልኩት። መቱ ደርሰን ካሜራውን ስንከፍተው ካርዱ እንደማይነበብ ገለጠና «ፎርማት ይደረግ?» ሲል ጠየቀ። እኔ «ተዉት፣ አዋቂ ይየው» ብዬ ካሜራውን ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት መለስኩ፤ ካርዱን አውጥቼ ኪሴ መክተት ሲገባኝ እዚያው ውስጡ ተውኩት። በማግሥቱ ማለዳ ስብሰባ ነበረ። ካሜራው ያንኑ ጥያቄ ደገመ፤ ለስብሰባው ፎቶግራፍ የታዘዘው ልጅ «አዎን» የሚለውን ተጫነ። ከዚያም አርባ ያህል ፎቶግራፍ አነሣ። የተነሡት ወንበሮች፣ ባነርና የውኃ ጠርሙሶች ናቸው። በልጁ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። «በካርዱ ላይ ምን አለ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ አለቆቹም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ፎርማት የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ ግልጽ መሆን አለበት፤ የጥፋታችን ሁሉ እምብርት ይህ ነውና። ካርዱ እንደ መጽሐፍ ነው ብለን እናስብ፤ ከፊቱ ማውጫ አለው፤ ከማውጫው በኋላ ምዕራፎቹ ይከተላሉ። ካሜራው «አይነበብም» ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ማውጫው ብቻ ነው። የእኔ ባትሪ መንቀል ያበላሸውም ማውጫውን ነበር። የተለመደው ፈጣን ፎርማትም ቢሆን ምዕራፎቹን አያቃጥልም፤ አሮጌውን ማውጫ ቀዶ ይጥልና ባዶ ማውጫ ይተካል። በእርግጥ ሁሉን ጠርጎ የሚያጠፋ ፎርማት በአንዳንድ ካሜራዎችና ስልኮች ላይ አለ፤ ስለዚህም «ፎርማት ምንም አያደርግም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ዋናው ጥፋት ግን ከፎርማቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አዲስ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር አዲሱ በአሮጌው ቦታ ላይ ይጻፋል። ተፍቆ እንደገና ከተጻፈበት ብራና ሊቃውንት የድሮውን ፊደል ጥላ አንዳንዴ ያነቡታል፤ በካርድ ላይ ግን እላዩ የተጻፈበት ነገር በእኛ አቅም አይመለስም። በእኛ ካርድ ላይ የስብሰባው ወንበሮች የተቀመጡት በሽማግሌው የትውልድ ሐረግ ላይ ነው። ምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ ነገሩ ቃል በቃል እንዲሁ ነው።

ታዲያ ካርድ «አልነበብም» ሲል ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ከካሜራው ማውጣትና ሥራ ማቆም ነው። በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ ወደ መቆለፊያው መግፋት ይገባል፤ ይህቺ ማንሸራተቻ መሣሪያው በካርዱ ላይ እንዳይጽፍ ምልክት ትሰጣለች። (በነገራችን ላይ ብዙ «ሞተ» የተባለ ካርድ ይህቺው ማንሸራተቻ ሳይታወቅ ስለ ተገፋች ብቻ ፎቶ አልቀበል ያለ ነው። አንድ የትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ በዚህ ምክንያት ሁለት ካርዶች ወደ ቆሻሻ ሊጥል ሲል ደርሼበታለሁ።) ቀጥሎ በሌላ የካርድ ማንበቢያና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ነው። ትንሿን የስልክ ካርድ በካሜራ ለመጠቀም የምናለብሳት አዳፕተር ርካሽ ዕቃ ናት፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛዋ እርሷ ሆና ሳለ ካርዱ ይወነጀላል። አዳፕተሩን መለወጥ የጥቂት ብር ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአገራችንን አየር ማሰብ ያሻል። ኢሉባቦር ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ምድሮች አንዱ ነው፤ ጎሬ ክረምቱን ሙሉ ጉም ለብሳ ነው የምትከርመው። በዚህ እርጥበት ውስጥ፣ በመስክ ሠራተኛ ኪስ ከላብና ከአቧራ ጋር የሚዞር ካርድ በጀርባው ያሉት ዘጠኝ የመገናኛ ሰሌዳዎች ቢቆሽሹ ምን ይደንቃል? መድኃኒቱ ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ፣ ቢበዛም ጥቂት የሕክምና አልኮል ነው። እፍ ማለት ምራቅ ይጨምርበታል፤ በምላጭ መፋቅማ ግድያ ነው።

የካሜራው ዕድሜም ይታይ። ይህ የካርድ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 በፓናሶኒክ ባለቤት በማትሱሺታ፣ በሳንዲስክና በቶሺባ ስምምነት ከተጀመረ ወዲህ ትውልድ በትውልድ ሲተካ መጥቷል። የመጀመሪያው እስከ 2 ጊጋባይት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ሁለተኛው እስከ 32፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው ሦስተኛው ከዚያ በላይ ይይዛል። ሦስቱም በመልክ አንድ ናቸው። አሮጌ ካሜራ ግን ከእርሱ በኋላ የተወለደውን ካርድ አያውቀውም፤ 64 ጊጋባይት ሲገባበት «ስሕተት» ይላል፤ አንዳንዱም ካላወቀው ካርድ ጋር ከመጣላት ብሎ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ ከአሥር ዓመት በፊት በእርዳታ የተገኙ ካሜራዎች አሁንም ያገለግላሉ፤ ካርዱ ግን ትናንት የተገዛ ነው። አለመግባባታቸው የዕድሜ እንጂ የሞት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ኮምፒውተሩ ካርዱን ቢያየው፣ ፋይሎቹን ግን ባያይ፣ ያን ጊዜ የማዳን ሥራ ይጀመራል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ «ላስተካክለው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ አይፈቀድለትም። ማስተካከል የሚለው በካርዱ ላይ መጻፍ ነውና የቀረውንም ሊያበላሸው ይችላል። አስቀድሞ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ወደ ሃርድ ዲስክ መቅዳት፣ ከዚያም በግልባጩ ላይ መሥራት ይሻላል። ለዚህ ሥራ የክሪስቶፍ ግርኒየ ፎቶሬክ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በማንኛውም ላፕቶፕ ይሠራል። ማውጫውን ጨርሶ አያምንም። ፎቶግራፍም ቪዲዮም ፋይሉ ሲጀምር የራሱ መለያ ምልክት አለውና ፕሮግራሙ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ ያንን ምልክት ያሳድዳል። ያገኘውን በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ ፈጽሞ በዚያው በበሽተኛው ካርድ ላይ እንዲያስቀምጥ አይደረግም፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ የሚሠራው ይህን ነው። የፋይሎቹ ስምና ቀን ይጠፋል፤ ተቆራርጦ የተጻፈ ረጅም ቪዲዮም ሙሉ ሆኖ ላይወጣ ይችላል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ካርዱን የትኛውም ማንበቢያ ጨርሶ የማያውቀው ከሆነ ግን የተበላሸው ማውጫው ሳይሆን ካርዱን የሚመራው አካል ነው፤ ይህ የልዩ ቤተ ሙከራ ሥራ ስለሆነ የሰፈር ሙከራ አይገባውም።

የእኛን ካርድ መቱ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት በዚሁ መንገድ አንድ ሙሉ ሌሊት ሲያነበው አደረ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ቆየለት። ከሽማግሌው ሦስት ቪዲዮዎች ሁለተኛው ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ሦስተኛው በብዙ ጥገና ግማሹ ተከፈተ። የመጀመሪያው፣ የትውልድ ሐረጉ ያለበት፣ ከወንበሮቹ ሥር ቀረ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን ሥራ ግን አንዲት ነገር አልተገኘም። ወጣቱ ግራ ገባው፤ በዚያ ላይ የተጻፈበት ነገር አልነበረምና። ካርዱን ሊመረምር ተነሣ፤ ምርመራው እኔን አሳፈረኝ። 64 ተብሎ የተጻፈበት ካርድ የሚይዘው 8 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ይህ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። ትንሽ ካርድ ይወሰድና ስለ ራሱ ሲጠየቅ «64 ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ይደረጋል፤ ጀርባው ላይም የታወቀ ፋብሪካ ስም ይታተማል። ካሜራው ያምነዋል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። እስከ 8 ጊጋባይት ድረስ እውነተኛ አገልግሎት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚጻፍለትን ሁሉ «ተቀበልኩ» ይላል፣ ግን አይቀበልም፤ አንዳንዱ ወደ ባዶ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ እየተመለሰ በመጀመሪያው ላይ ይጽፈዋል። የፋይሉ ስም አለ፤ መጠኑ ተጽፏል፤ ሲከፈት ግን ምንም የለም፣ ወይም ከላይ ትንሽ ግንባር ታይቶ የቀረው ግራጫ ነው። ካሜራው ወዲያው የሚያሳየን ምስል ከራሱ ጊዜያዊ ማኅደር ስለሚመጣ በቦታው ሆነን አናውቅም። ሴቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ የዘፈኑልን ለባዶ ነው።

ካድሬ ወዳጆቼ ይታገሡኝና፣ ይህን ካርድ ሳይ የማውቃቸው አንዳንድ ሪፖርቶች ትዝ ይሉኛል። ጀርባቸው ላይ 64 ይላል። ሲጠየቁም 64 ብለው ይመልሳሉ። ከ8 በኋላ ያለውን የከፈተ ስለሌለ ዓመቱ በሰላም ይዘጋል።

ካርድን ግን መክፈት ይቻላል፤ ሪፖርትንም ይቻላል፤ የምናገረው ግን ስለ ካርድ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለው የጀርመኖች ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ለሚሠሩም ኤፍ ስሪ የተባለው፣ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አዲስ ካርድ እንደ ተገዛ እስከ አፉ ድረስ በሚታወቅ ነገር ይሞሉታል፤ ከዚያ መልሰው ያነቡና የጻፉት እንዳለ መሆኑን ያመሳክራሉ። በሰከንድ 10 ሜጋባይት ለሚጽፍ ካርድ 64 ጊጋባይት መሙላት ብቻውን ሁለት ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ ማንበቡም ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ግማሽ ቀን መሆኑ ነው። ይህን ግማሽ ቀን ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ለሦስት ቀን የመስክ አበል መክፈሉ ምን ትርጉም አለው? ያለ ምርመራ የሚደረግ የካርድ ግዢ፣ በጨረታም ይሁን በጥሬ ገንዘብ፣ ክርታስ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ ተከራካሪዎች ልመለስ። «ፎቶው ካርዱ ላይ ባይኖር ምን አለበት፤ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ» የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች አሉ። ቴሌግራም ፎቶግራፍን እንደ ፋይል ካልላኩት በስተቀር አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያስተላልፈው፤ ፌስቡክም እንዲሁ። ለእይታ ይበቃል፤ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለኤግዚቢሽን፣ የአንድን ጌጥ ጥልፍ ለማጥናት አይበቃም። ከዚያም በላይ ገጹን የከፈተው ልጅ ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ በእኔ ዕድሜና ከዚያ በላይ ያሉ፣ «የፊልም ዘመን ይሻል ነበር» እያሉ ይተክዛሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ኔጋቲቭ ሲያረጅ ቀስ እያለ፣ እየታየ ነው፤ ካርድ ግን ትናንት ሙሉ፣ ዛሬ ምንም ነው። ነገር ግን በጎሬ እርጥበት ሻጋታ የበላውን ኔጋቲቭ ያየ ሰው ለፊልም ዘመን ብዙ አያለቅስም። ደግሞስ ያን ጊዜ በገጠር ጌራርሳ ለመቅዳት የፊልም ካሜራ ይዞ የሄደ ስንት ሰው ነበር? ካርዱ ይህን ዕድል ለእያንዳንዱ መምህር ሰጥቶታል። እንዲያውም በኔ አስተያየት ትካዜው ሌላ ዓይነት «ካርዱ ሞቷል» ነው፤ ማንንም አያስጠይቅም።

ሦስተኛው ወገን ካርዱ ራሱ መዝገብ ቤት ነው ብሎ የሚያምን ነው። ካርዶቹን በፖስታ አድርጎ፣ «ጥምቀት»፣ «ኢሬቻ»፣ «ውድድር» ብሎ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል። ይህ ሰው ከሁሉም ይሻላል፤ ግን ተሳስቷል። ካርድ ምስልን የሚይዘው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው። የዚህ ፈጠራ ባለቤት የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ ሙሌቱ ያለ ኃይል እንዲቆይ አደረገ እንጂ ለዘላለም እንዲቆይ አላደረገም። ሙሌቱ በዓመታት ውስጥ ያመልጣል፤ ሕዋሳቱም በተጻፈባቸውና በተደመሰሱ ቁጥር ያልቃሉ። ካርድ ማጓጓዣ እንጂ ጎተራ አይደለም። ቡናውን ከደን ወደ ቤት በቅርጫት እናመጣለን፤ በቅርጫቱ ውስጥ ግን አናከርመውም።

ይህ ድክመት የእኛ ብቻ አይደለም። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ምስሉ በጥራት የተቀዳባቸውን ዋናዎቹን ቴፖች ናሳ ለዓመታት ሲያፈላልግ ቆይቶ፣ ተደምስሰው ሌላ መረጃ ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታወቀ። የቴፕ እጥረት ስለ ነበረ ነው። ጨረቃ የደረሰ መሥሪያ ቤትም «ፎርማት ይደረግ?» ሲባል «አዎን» ይላል ማለት ነው። ዓለም ዛሬ ያንን ምስል የሚያየው ሌሎች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የየራሳቸውን ቅጂ ስላስቀሩ ነው።

ከአገራችንም የተሻለ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የየገዳማቱና የየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሥራው በአብዮቱ ዘመን አልተቋረጠም፤ 9000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኮሌጅቪል ተቀምጠው የዘረዘሯቸው እነዚያን ፊልሞች ነው። እነዚያ ሰዎች የነበራቸው መሣሪያ ከእኛ የከበደና የዘገየ ነበር። የነበራቸው ልዩነት ሥርዓት ነው፤ ምን እንደ ተነሣ ይጻፋል፣ ማን እንዳነሣው ይጻፋል፣ ሁለት ቅጂ ይሆናል፣ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም።

እዚህ ላይ ስለ ጎሬ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት የተሰባሰበው ጎሬ ላይ ነው፤ ራስ እምሩም ወደዚያው መጥተዋል። በዚያች ከተማ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ያየውን ይጽፍ ነበር። የጻፈው ወረቀት ለንደን ስለ ተቀመጠ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። የጎሬ ገበያተኛ ያየው፣ የጎሬ አልቃሽ ያለቀሰችው ግን በቃል ነበረና ከባለቤቶቹ ጋር ሄዷል። ያን ጊዜ መሣሪያ አልነበረንም፤ ምክንያታችን ይሰማል። ዛሬ መሣሪያው በእያንዳንዱ ወረዳ አለ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ የዛሬውን መቱ የሚያጠና ሰው የስብሰባ ወንበሮች ብቻ ቢያገኝ በምን እናመካኛለን?

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ካርድ ሲገዛ ይመርመርና ቁጥር ይሰጠው፤ ካሜራ በሚያስረክብ ሰው መዝገብ ላይ የካርዱም ቁጥር ይፈረምበት፤ ከመስክ የመጣ ካርድ በሁለት ዲስክ ሳይገለበጥና ግልባጩ ተከፍቶ ሳይታይ ማንም ለሌላ ሥራ አይውሰደው፤ ፎርማትም ከዚያ በኋላ፣ በሚሠራበት በዚያው ካሜራ ላይ ይደረግ። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ይውጣ። መቱ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ የዞኑ የባህል ቅጂ አንዱ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ የሚከለክል ሕግ አላውቅም፤ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው። የትምህርት ቤቶች የሚኒ ሚዲያ ክበባትም ፎቶሬክን መማር ይችላሉ፤ መቱ ላይ ያስተማረኝ ወጣት ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ ነው። «ሠራተኛ የለንም» የሚል ኃላፊ ካለ፣ ፎቶግራፉን የሚያነሣለት ሠራተኛ አለውና ያንኑ ሰው ግማሽ ሰዓት ይጨምርለት።

ሽማግሌው በዚያው ዓመት ክረምት ዐረፉ። ልጃቸው የቀረውን ሊወስድ ፍላሽ ይዞ መቱ ድረስ መጣ። ሁለቱን ቪዲዮዎች ገለበጥኩለት፤ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ «ዘር የቆጠሩበት መጀመሪያው ነበር፤ እርሱስ?» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ባትሪውንም፣ ርካሹን ካርድም፣ ስብሰባውንም። አልተቆጣም። በእርሱ ቦታ የተቀመጡትን ፎቶግራፎች ማየት እንደሚፈልግ ግን ተናገረ። አርባውንም አንድ በአንድ አሳየሁት።